የጋሽ ኢብሮ ሴማፎር

ስለ ሌላ ሰው ከመጻፌ በፊት ስለ ራሴ ጥቂት ማለት ይገባኛል። እኔ ማን እንደነበርሁ ያላወቀ ሰው ጥፋቴም ምን ያህል እንደነበረ አይገባውም።

በዚያ ዘመን በጅማ ከተማ፣ ከጊንጆ እስከ በቾ ቦሬ፣ «ጸጋዬ ሬዲዮ» ሲባል የማያውቅ አልነበረም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ኤሌክትሪክን ያስተማሩኝ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መጽሐፍና በእጄ ያቃጠልኋቸው ሬዲዮዎች ናቸው። የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ድምፅ ማጉያ ሲበላሽ የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ሦስት ቀን ታግሎ የተወውን የሲኒማ ማሽን እኔ በአንድ ከሰዓት አስነሥቻለሁ። ጉራ ነው የሚል ይኖራል፤ ጉራም ከሆነ እውነተኛ ጉራ ነው።

የጋሽ ኢብሮን ሞት የሰማሁት አጋሮ ሆኜ ነው። የአንድ ወፍጮ ቤት ሞተር ፈትቼ፣ እጄ በግራሶ ተለውሶ ሳለ፣ ከጅማ የመጣ ሾፌር ከበሩ ላይ ቆሞ ለባለ ወፍጮው ወሬ ያወራል።

«ያ ባቡር ያጋጨው ሰውዬ ሞተ።»

«የቱ?» አለ ባለ ወፍጮው።

«ኢብሮ ግጭት ነዋ! የቡና መጋዘኑ ዘበኛ። ከተቀበረ ሳምንት አለፈው።»

ቁልፉ ከእጄ ወደቀ። «ስማቸው እሱ አይደለም» አልሁት።

«ማን ነው ታዲያ?»

«ኢብራሂም ነው።»

«ይሁና» አለ ሾፌሩ፣ ወሬውንም ቀጠለ። እኔ ግን ያን ቀን ሞተሩን መግጠም አቃተኝ። የሞተር ብሎን የት እንደሚገባ የጠፋብኝ በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ ኢብሮ የድሬዳዋ ሰው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄዱ ከወገባቸው የማይታጠፉ። መጋዘኑ በር ላይ የጭነት መኪና ሲመጣ ቀኝ እጃቸውን በትከሻቸው ልክ ወደ ጎን ቀጥ አድርገው ይዘረጋሉ፤ «ቁም» ማለት ነው። ሰነዱን አይተው፣ ጭነቱን ዞረው ሲጨርሱ ያንኑ እጅ ወደ ታች ዘንበል ያደርጉታል፤ «እለፍ» ነው። ሰው ሰላም ሊላቸው ሲመጣም እንደዚያው። ሾፌሮች ይሥቁባቸው ነበር።

«አቦ፣ ሣቅ» ይሉ ነበር እሳቸው። «ብቻ ቁም። ቆመህ ሣቅ።»

ይህን ያመጡት ከድሮ ሥራቸው ነው። በወጣትነታቸው በምሥራቅ በኩል በሚሄደው የባቡር መስመር፣ በአንዲት ትንሽ ጣቢያ፣ የምልክት ሠራተኛ ነበሩ። ሴማፎር ላላየ ሰው ልንገር፦ ከሐዲዱ ዳር የሚቆም ረጅም ምሰሶ ነው፤ ጫፉ ላይ ቀይ የብረት ክንድ አለው። ክንዱ ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ባቡሩ ይቆማል፤ ወደ ታች ካዘነበለ ያልፋል። የምልክት ሠራተኛው ከቤቱ ሆኖ በእጀታ ረጅም ሽቦ ይስብና ክንዱን ያወርደዋል። ዋናው ብልሃት ግን ከምሰሶው ጋር የተያያዘው ክብደት ነው። ሽቦው ሲላላ፣ ቢበጠስም እንኳ፣ ክብደቱ ወርዶ ክንዱን ወደ «ቁም» ይመልሰዋል።

«የታመመ ምልክት ቁም ይበል» ይሉ ነበር ጋሽ ኢብሮ። «የማያውቅ ሰው፣ ምልክት ሲታመም ዝም ቢል ይበቃል ይላል። አይበቃም! ቁም ይበል!»

አንድ ቀን ጠዋት እጀታቸውን «ቁም» ላይ አደረጉ። ሴማፎሩ ከኩርባው ጀርባ ስለነበረ ከእሳቸው ቤት አይታይም። በዚያው ጠዋት አንድ ጠጋኝ ክብደቱን ሊጠግን ፈትቶ አንሥቶታል፤ ለጋሽ ኢብሮ አልነገራቸውም። ክብደት የሌለው ክንድ እንደወረደ ቀረ። ባቡሩን ይነዱ የነበሩት አቶ ተክሌ፣ የልብ ጓደኛቸው፣ «እለፍ» አይተው አለፉ፤ ከቆመ ባቡር ጋርም ተጋጩ። ኋላ ፉርጎ ላይ የነበረ አንድ ሠራተኛ ሞተ።

ምርመራ ሲመጣ ክብደቱ በቦታው ተመልሷል፤ ጠጋኙም አልተናዘዘም። ጋሽ ኢብሮ «እጀታዬ ቁም ላይ ነበር» አሉ። አቶ ተክሌ «ክንዱ ወርዶ ነበር» አሉ። ሁለቱም እውነት ተናገሩ፤ ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል መባል ነበረበትና ዕጣው ለጋሽ ኢብሮ ወጣ። «ከግጭቱ በኋላ ነው እጀታውን የመለስከው» ተባሉ። ከሥራ ወጥተው በባለቤታቸው በአዴ ዘሀራ አገር፣ ጅማ፣ ገቡ። ወሬው ግን በሾፌሮች አፍ ከእሳቸው ቀድሞ ገብቶ ነበር። አቶ ተክሌም ባቡር መንዳት አስጠልቷቸው የጭነት መኪና ያዙ። ጅማ ቡና ሊጭኑ ሲመጡ ከሌላ መጋዘን ይጭናሉ እንጂ በጋሽ ኢብሮ በር አያልፉም። ሁለቱ ከምርመራው ቀን ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም።

ጋሽ ኢብሮ ትንሽ የማሳያ ባቡር መሥራት የጀመሩት ለዚህ ነው። ሁለት አሮጌ በር አጋጥመው ጓዳቸው ውስጥ እንደ ጠረጴዛ ዘረጉ። ሐዲዱን ሣጥን ከሚታሰርበት ቀጭን ብረት፣ ፉርጎዎቹን ከዘይት ቆርቆሮ አበጁ። ለሁለቱ ባቡሮች የቴፕ ሞተር የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ በባትሪ ድንጋይ ይሄዳሉ። መስመሩ ከአጋሮ ተነሥቶ በጅማ በኩል አሰንዳቦ ይደርሳል። ጅማ ባቡር ኖሯት አያውቅም፤ የቡና ነጋዴዎች እየመጡ እሳቸውን እንደ ጣቢያ አለቃ «ሸፍ፣ መቼ ነው የሚገባው?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። በገጠራችን ደግሞ ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። ኢብሮ ባቡር ሠራ ሲባል ሁለት ሴቶች በቆሎ ተሸክመው ከደጃቸው መጡ። አዴ ዘሀራ በሩ ላይ ወጥተው፣

«ማሎ፣ ተመለሱ! ይሄኛው ባቡር የሚፈጨው የባሌን ዕድሜ ነው» አሏቸው።

አራት ሴማፎሮች ነበሩ። ክንዶቹን የሚያወርደው ከጠረጴዛው ዳር በእጀታ የሚሳብ የናይለን ክር ነው፤ ወደ «ቁም» የሚመልሳቸው ደግሞ ከቡና ጆንያ ማሸጊያ እርሳስ የቀለጠ ትንሽ ክብደት። ክንዱ ሲዘረጋ ከሐዲዱ መካከል አንዲት ሚስማር ብቅ ትልና የባቡሩን ሆድ ነክታ ሞተሩን ታጠፋለች። ክንዱ ሲወርድ ሚስማሯ ትገባለች፤ ባቡሩ ይሄዳል። ይህን ያሰቡት ራሳቸው ናቸው። እኔ ሰውን በቀላሉ አላደንቅም፤ ያን ሳይ ግን ተንበርክኬ በጠረጴዛው ሥር ረጅም ጊዜ ቆየሁ።

በጅማና በአሰንዳቦ መካከል አንዲት ስም ያልተጻፈባት ጣቢያ ነበረች። ከአጠገቧ ኩርባ፣ ከኩርባው ጀርባ አንዲት ሴማፎር።

ቀበሌው ለአብዮቱ በዓል የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን አዘጋጀና የጋሽ ኢብሮ ባቡር ይቅረብ ተባለ። እኔ ክሮቹን ሳይ አላስችል አለኝ።

«ጋሽ ኢብሮ፣ በሕዝብ ፊት ክር ሲጎትቱ ሊውሉ ነው? ባቡሩ ራሱ ሴማፎሩን ይዘዘው እንጂ።»

«ባቡር ምልክት ሲያዝ የት አየህ? ምልክት ነው ባቡር የሚያዝ።»

«ላሳይዎት።»

«አቦ ኢንጂነር! አሳየኝ።»

ሥራው ያማረ ነበር፤ ዛሬም አላፍርበትም። ባቡሩ ሐዲዱ ላይ ያስቀመጥኋትን ቀጭን ቆርቆሮ ሲረግጥ ኤሌክትሪክ ይገናኛል፤ በየምሰሶው ሥር የመዳብ ሽቦ የጠቀለልሁበት ማግኔት ክንዱን ያንቀሳቅሳል። አንዱ ባቡር ካለፈ በኋላ ከኋላው ያለው ሴማፎር በራሱ ይዘጋል፤ ሲርቅ ይከፈታል። እጅ የሚባል አይነካውም። ችግሩ ክብደቱ ነው። ማግኔቶቼ እርሳሱን አንሥተው ክንዱን ማውረድ አቃታቸው፤ ይግላሉ፣ ይሸታሉ። ስለዚህ ነገሩን ገለበጥሁት። ክብደቶቹን አነሣሁና ክንዱ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይንጠልጠል፤ ማግኔቱ ወደ ላይ ስቦ «ቁም» ያሰኘው አልሁ። ቀላል ሆነ፤ ክንዶቹ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ አሉ።

ጋሽ ኢብሮ አንድ ጊዜ አይተው ገባቸው።

«መብራት ሲሄድስ?»

«ምን ይሆናል?»

«ባቡሮቹ በድንጋይ ነው የሚሄዱት፤ አይቆሙም። ክንዶቹ ግን ይወርዳሉ። መብራት ሲሄድ እለፍ የሚል ምልክት ሠራህ ማለት ነው።»

«ጋሽ ኢብሮ፣ በአብዮት በዓል ቀን መብራት ማን ደፍሮ ያጠፋል?»

ይህን ስል ቀልዴን አልነበረም። በአዘቦት ቀን መብራት ይመጣል ይሄዳል፤ በበዓል ቀን ግን ከተማው ሁሉ ቀን በቀትር አምፖል አብርቶ ይውል ነበር። ከእኔ ጋር የማይስማማ ሰው በጅማ አልነበረም።

ጋሽ ኢብሮ፣ «ሦስቱን እንደፈለግህ አድርግ» አሉኝ። «የኩርባዋን ግን አትንካት። በክር ትሂድ፣ ክብደቷም ይኑር። ተክሌ ይመጣል።»

በሾፌር እጅ ስንት ጊዜ ሲልኩባቸው ከርመው ነበር፤ በመጨረሻ አቶ ተክሌ እሺ ብለዋል። ጋሽ ኢብሮ ያሰቡት ይህ ነው፦ አቶ ተክሌን ከኩርባዋ ሴማፎር ፊት ያቆማሉ። እጀታውን «ቁም» ላይ ያደርጋሉ፤ ክንዱ ይዘረጋል። ከዚያ ክብደቱን በጣታቸው ያነሣሉ፤ እጀታው ሳይነካ ክንዱ ይወርዳል። ያኔ ተክሌ አንዳቸውም እንዳልዋሹ በዓይናቸው ያያሉ።

«እኔ አሥር ጊዜ ብነግረው ያው የድሮ ወሬዬ ነው» አሉኝ። «በዓይኑ ይየው። ከዚያ በኋላ ከተማው የፈለገውን ይጥራኝ።»

እሺ አልሁ። በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ሦስቱ ሴማፎሮች በአንድነት ቀጥ ይላሉ፤ አራተኛዋ በክር እየተንቀጠቀጠች ትከተላለች። ከመቶ ሬዲዮ መካከል አንዱ ሲያንኮራፋ የሚሰማኝ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ አልቻለውም። እሷንም በማግኔት አደረግኋት። እጀታዋን የማግኔቷ ማብሪያ አደረግሁት። ጋሽ ኢብሮ እንዳያውቁ ክሩን እንደነበረ ተውሁት፤ የእርሳሱንም ክብደት በቦታው በጥቂት ማስቲሽ አጣበቅሁት። እሳቸው ክብደቱን ሲያነሡ እኔ በጠረጴዛው ሥር የማግኔቷን ኤሌክትሪክ እቆርጣለሁ፤ ክንዱ ይወርዳል፤ ማን ያውቃል አልሁ።

በማግሥቱ አዳራሹ ሞላ። ድምፅ ማጉያው የሰልፍ ዘፈን ያንባርቃል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጠረጴዛውን ዞሩና፣

«ጓድ ኢብራሂም፣ ቀይ እንዴት ቁም ይላል? ቀይ እኮ የአብዮቱ ቀለም ነው!» አሉ።

«ጓድ፣ እኔ የማቆመው ባቡሩን ነው» አሉ ጋሽ ኢብሮ። «አብዮቱ ይለፍ።»

አዳራሹ ሣቀ፤ ሊቀመንበሩም ሣቁ። ባቡሮቹ ዞሩ፣ ክንዶቼ ተነሡ ወደቁ፤ ሰው «ማን ሠራው?» ይላል፤ እኔ «እኔ» እላለሁ።

ከዚያ አቶ ተክሌ በሩ ላይ ታዩ። አጭር ሰው ናቸው፤ ቆባቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ጋሽ ኢብሮ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። አቶ ተክሌ ቆሙ። ጋሽ ኢብሮ እጃቸውን ቀስ አድርገው ዝቅ አደረጉ። አቶ ተክሌ መጡ።

«እጀታው የት ነው፣ ተክሌ?»

«ቁም ላይ።»

«ክንዱስ?»

«ተዘርግቷል።»

«ክብደቱን ታየዋለህ?»

«አየዋለሁ።»

«ይህ ክብደት እዚህ እስካለ፣ እጀታውም ቁም ላይ እስካለ፣ ይህ ክንድ ሊወርድ አይችልም። ወላሂ አይችልም። ያን ቀን ግን...»

መብራት ሄደ።

ዘፈኑ ተቋረጠ። በዝምታው ውስጥ የሁለቱ የቴፕ ሞተሮች ድምፅ ብቻ ይሰማል። አራቱ ክንዶች ባንድነት ወረዱ። ከኩርባዋ ቆማ የነበረችው ባቡር ሚስማሯ ስለገባ ተነሣች፤ ከአሰንዳቦ በኩል ሌላዋ መጣች። ተጋጩ። አንዷ ከጠረጴዛው ላይ ወደቀች፤ መሬት ላይም ጎማዋ መዞሩን አላቆመም።

ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «ኢብሮ ግጭት! ደገመው!» አለ። አዳራሹ በሣቅ ፈነዳ።

አቶ ተክሌ አልሣቁም። ጎንበስ ብለው ተመለከቱ።

«እጀታው ቁም ላይ ነው» አሉ። «ክብደቱም አለ።» ቀና አሉ። «ክንዱ ግን ወርዷል፣ ኢብሮ።»

ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ደክሟቸው ነበር። ቆባቸውን ደፍተው ወደ በሩ ተራመዱ።

ጋሽ ኢብሮ አውራ ጣታቸውን ወደ ክብደቱ ሰደዱ። እርሳሱ በጣታቸው ተነሣ፤ ከሥሩ የማስቲሽ ክር እየተሳበ። እሱን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። የሚጠብቁት የእኔን ቃል ነበር። «ክብደቱን የፈታሁት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አቶ ተክሌ ገና ከበሩ አልወጡም። እንደዚያ ብል ኖሮ ያ ብልሽት ራሱ ከተዘጋጀው ማሳያ ሁሉ የበለጠ ማስረጃ ይሆን ነበር፤ የድሮው ግጭት እንዳለ በዓይናቸው ፊት ተደግሟልና።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረው፣ «ጓድ ጸጋዬ፣ ምን ተበላሸ?» አሉ።

«የእኔ ሥራ ደህና ነው» አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «መብራት ነው የሄደው።»

አቶ ተክሌ ይህን ሰምተው ወጡ። ጥቂት ቆይቶ መብራት ሲመጣ አራቱ ክንዶች ባንድነት ቀጥ አሉ፤ ሰው ለእኔ አጨበጨበ። የምስክር ወረቀትም ተሰጠኝ።

ከወራት በኋላ አፍሬ አፍሬ መጋዘኑ በር ላይ ሄድሁ። እጃቸው ይዘረጋል ብዬ ነበር፤ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ዝቅ አደረጉት። ሻይ ከፔርሙስ ቀዱልኝ።

«ጸጋዬ» አሉኝ፣ «ያን ክብደት የፈታውን ሰውዬ ስንት ዓመት ረግሜዋለሁ መሰለህ። ክፉ ሰው ነው እያልሁ። አሁን ሳስበው ክፉ አልነበረም። ጎበዝ ሰው ነበር ይሆናል። አፍሮ ነው ዝም ያለው።»

«ጋሽ ኢብሮ፣ እኔ እኮ...»

እጃቸው ቀጥ ብሎ ተዘረጋ።

«ለእኔ አትንገረኝ። እኔ አውቀዋለሁ። ተክሌ መኪና መንዳት ትቶ አሰንዳቦ ልጁ ዘንድ ገብቷል።»

አሰንዳቦ ከጅማ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም። ከዚያ ወዲህ እሳቸው እስኪሞቱ በነበረው አራት ዓመት ውስጥ ሬዲዮ ሊጠግን፣ ሞተር ሊያስነሣ በዚያ ያለፈ ሰው ነኝ። በመስኮት ወደ ሌላው ወገን እያየሁ አለፍሁ።

ከአጋሮ ስመለስ አዴ ዘሀራ ዘንድ ለቅሶ ደረስሁ። ከተቀመጥሁበት ሳልነሣ አንድ ጥቅል አምጥተው ጭኔ ላይ አኖሩት። በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለችው የኩርባዋ ሴማፎር ነበረች፤ እርሳሱ ለብቻው ተቋጥሮ።

«ሌላውን ሁሉ እሱ ራሱ ፈታታው» አሉኝ። «እሷን ግን ጸጋዬ ሲመጣ ስጪው፣ ምን እንደሚያደርጋት ያውቃል አለ። በሽታው ሲጠናበትም በሩን ያይ ነበር። ማሎ፣ ልጄ፣ ምን ሆነህ ቀረህ?»

ጥቅሉን ይዤ ተነሣሁ።

ማግኔቱን ነቅዬ ጣልሁ። ክብደቱን እንደነበረ ሰቀልሁ፣ ክሩን ቋጠርሁ። አሰንዳቦ ወርጄ ከመንገዱ ዳር፣ ከልጃቸው ሻይ ቤት ደጃፍ፣ አቶ ተክሌን አገኘኋቸው። ሴማፎሯን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ ተናገርሁ፤ «ያን ቀን ክብደቱን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ የነበረው በማስቲሽ የተጣበቀ ነው።» ይኸው ነው፤ ከዚህ አይረዝምም።

አቶ ተክሌ ክሩን ስበው ክንዱን አወረዱ። ክሩን ለቀቁ፤ ክንዱ ተዘረጋ። ክብደቱን በሁለት ጣታቸው አነሡ፤ ክንዱ ወረደ። መለሱት፤ ተዘረጋ። አነሡት፤ ወረደ። ስንት ጊዜ እንደደጋገሙት አላውቅም፤ ልጃቸው የቀዳችልኝ ሻይ በረደ።

«እጀታው ቁም ላይ ነበር ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ይዘኸው ና። ኢብሮን ይዘኸው ና፤ እኔ እግሬ እምቢ ብሎኛል።»

«ሞቱ» አልሁ።

«መቼ?»

«ሦስት ሳምንት ሆናቸው።»

እርሳሱን በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ በቦታው ሰቀሉት፤ ክንዱ ቀጥ አለ። «እንዲህ ትሁን» አሉኝ፤ አልነካኋትም፤ እዚያው ትቻት ተመለስሁ።

እንግዲህ በሕይወቴ የሠራሁትን ልቁጠርና ልጨርስ። ያለ አስተማሪ ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ድምፅ ማጉያና የሲኒማ ማሽን መጠገን ተምሬአለሁ። ከአጋሮ እስከ አሰንዳቦ ቆመው የቀሩ የወፍጮ ሞተሮችን አስነሥቻለሁ። ባቡር በሌለበት አገር አራት ሴማፎሮች ያለ ሰው እጅ እንዲሠሩ አድርጌአለሁ፤ ለዚህም የተሰጠኝን የምስክር ወረቀት ከግድግዳዬ አውርጃለሁ። «ኢብሮ ግጭት» የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ስማቸውን አርሜአለሁ። አንዲት ሴማፎርም ስትታመም ቁም እንድትል አድርጌአለሁ፤ ሦስት ሳምንት ዘግይቼ።